ፍጹም ህዋ የሌለበት ሜካኒክስ፦ በወረቀትና በካልኩሌተር ደረጃ በደረጃ

ሜካኒክስ ስንማር የመጀመሪያው ሥራችን ለአንድ ቅንጣት ሦስት ቁጥሮች ጽፎ "ቦታው ይህ ነው" ማለት ነው። ቁጥሮቹ ከየት ተነስተው ነው የሚለኩት? ከክፍሉ ጥግ ካልን ክፍሉ ከምድር ጋር ይዞራል፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትሄዳለች፣ ፀሐይም በጋላክሲው ውስጥ ትጓዛለች። አይዛክ ኒውተን በ1687 ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል ዘጋው፦ ፍጹም ህዋ። ከማንኛውም ቁስ ጋር የማይገናኝ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ፣ የማይነቃነቅ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ መመሪያ ያንን ህዋ አውጥቶ ሜካኒክስን በቅንጣቶች መካከል ባሉ ርቀቶች ብቻ እንደገና ማቆምን ያሳያል። በጉዳዩ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ፍልስፍናው ላይ ይቆማል፤ ይህ ያሳዝነኛል። አንድ ሦስት ማዕዘን በእጃችን አስልተን እስካላየን ድረስ ምን እንደተወገደና በምትኩ ምን እንደተከፈለ በትክክል አይገባንም። የሚያስፈልጋችሁ የሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ፣ ካልኩሌተር፣ ወረቀትና ከተገኘ ሁለት ብርሃን አስተላላፊ ወረቀቶች ናቸው።

ደረጃ 1፦ የቱ ቀላል፣ የቱ ከባድ እንደሆነ ለዩ

ፈላስፋው ላይብኒዝ ከ1715 እስከ 1716 ከኒውተን ወዳጅ ከሳሙኤል ክላርክ ጋር በተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች እንዲህ ሲል ሞገተ፦ ዓለም በሙሉ ሦስት ሜትር ወደ ምሥራቅ ቢገፋ ምን ይለወጣል? በቁሶች መካከል ያለው ርቀት ሁሉ እንዳለ ስለሆነ የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች አሉ ማለት ትርጉም የለውም። ዓለም በሙሉ በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይጓዛል ብንልም መልሱ ያው ነው። እስከዚህ ድረስ የኒውተን እኩልታዎች ራሳቸው ከላይብኒዝ ጋር ይስማማሉ።

ከባዱ መሽከርከር ነው። የኒውተን ማስረጃ በገመድ የተንጠለጠለ ባልዲ ውኃ ነበር። ገመዱ ተጠምዝዞ ሲለቀቅ መጀመሪያ ባልዲው ብቻ ይሽከረከራል፤ የውኃው ገጽ ግን ጠፍጣፋ ነው። ቆይቶ ውኃው የባልዲውን ዙረት ይይዛል፤ አሁን ሁለቱ አንዱ ከሌላው አንጻር አይንቀሳቀሱም፣ ነገር ግን ውኃው በጠርዙ ከፍ ብሎ መሀሉ ይጎደጉዳል። ጉድጓዱ ውኃው ከባልዲው አንጻር ከሚያደርገው እንቅስቃሴ የመጣ አይደለም። ታዲያ ከምን አንጻር ነው የሚሽከረከረው? ኒውተን "ከፍጹም ህዋ" አለ። የፊዚክስ ሊቁ ኤርንስት ማኽ በ1883 "ከሩቅ ከዋክብትና ከተቀረው ዓለም ቁስ" ሲል መለሰ፤ የባልዲው ግድግዳ ብዙ ማይል ቢወፍር ሙከራው እንዴት እንደሚሆን ማንም ሊናገር አይችልም ሲልም ጨመረ። ማኽ አቅጣጫውን ጠቆመ እንጂ እኩልታ አልሰጠም። ሥራችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ የዓለሙን ሁኔታ በርቀት ብቻ ጻፉ

ሦስት ቅንጣቶች ብቻ ያሉበት ዓለም ውሰዱ። በኒውተን አጻጻፍ ለቦታቸው 9 ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ 3ቱ ሦስት ማዕዘኑ በህዋ ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ ሌሎቹ 3ቱ ወደ የት እንደዞረ የሚናገሩ ናቸው። ሁለቱንም ሰርዙ። የሚቀሩት 3 ቁጥሮች የሦስቱ ጎኖች ርዝመት ናቸው። ለሦስትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ቅንጣቶች ደንቡ፦ የቅንጣቶቹን ብዛት በ3 አባዙ፣ ከዚያ 6 ቀንሱ።

ደረጃ 3፦ ጉድለቱን በዓይናችሁ እዩት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

ሁለት ቅንጣቶች ብቻ በስበት የሚሳሳቡበት ዓለም አስቡ። አሁን በመካከላቸው ያለው ርቀት 1 ነው፤ በዚህች ቅጽበት እየጨመረም እየቀነሰም አይደለም። በደረጃ 2 ቋንቋ ስለዚህ ዓለም ሊባል የሚችለው በሙሉ ይህ ነው፦ ርቀት 1፣ የርቀት ለውጥ 0።

ቀጥሎ ምን ይሆናል? ኒውተንን ብትጠይቁት "እንደ ሁኔታው" ይላችኋል። ጥንዱ የማይሽከረከር ከሆነ ቀጥ ብለው ተሳስበው ይጋጫሉ። በልክ የሚሽከረከር ከሆነ ርቀቱ ለዘላለም 1 እንደሆነ ይዞራሉ። ከዚያ በላይ ፈጥኖ የሚሽከረከር ከሆነ መጀመሪያ ይራራቃሉ። የርቀቱ መዝገብ በሦስቱም ላይ አንድ ነው፤ መጪው ጊዜ ግን ሦስት ዓይነት ነው። አንሪ ፑዋንካሬ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው፦ ርቀቶችንና የርቀቶችን የለውጥ ፍጥነት ብቻ የሚያውቅ ሰው በኒውተን ሕግ የወደፊቱን መተንበይ አይችልም። ለሦስትና ከዚያ በላይ ቅንጣቶች የሚጎድሉት 3 ቁጥሮች ናቸው፤ እነሱም የጠቅላላው ሥርዓት አንጉላር ሞመንተም (የመሽከርከሩ መጠንና አቅጣጫ) ሦስት ክፍሎች ናቸው። ፍጹም ህዋ በኒውተን ሜካኒክስ ውስጥ የሚሠራው እውነተኛ ሥራ እነዚህን 3 ቁጥሮች ማቀበል ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ከሁለት መንገዶች አንዱን ምረጡ

የመጀመሪያው መንገድ የካይነቲክ ኢነርጂን (የእንቅስቃሴ ኢነርጂን) ቀመር ራሱን መለወጥ ነው። ቪልሄልም ቬበር በ1846 ለኤሌክትሪክ ሙሌቶች ያወጣው ሕግ በርቀትና በርቀት ለውጥ ብቻ የተጻፈ ነበር። ራይስነር በ1914፣ ሽሮዲንገር በ1925 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሜካኒክስ አመጡት፦ ካይነቲክ ኢነርጂ ከእያንዳንዱ ጥንድ የርቀት ለውጥ ብቻ ይሰላል። ውበት አለው፤ ኢነርሺያ (ቁስ የእንቅስቃሴውን መለወጥ የሚቃወምበት ባሕርይ) ራሱ ከሩቅ ቁስ የሚመጣ ይሆናልና። ችግሩ አንድ ቅንጣት ወደ ጋላክሲያችን መሀል ሲገፋና ወደ ጎን ሲገፋ የተለያየ መጠነ ቁስ እንዲያሳይ ማስገደዱ ነው። ሂዩዝና ድሬቨር በ1960 እና በ1961 አካባቢ በሊቲየም 7 ኒውክሊየስ ላይ ባደረጓቸው ልኬቶች እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም፤ የልኬቶቹ ትብነት ከ10⁻²⁰ ያነሰ ልዩነት እንኳ የሚያሳይ ነበር። ይህ መንገዱን እጅግ አጠበበው።

ሁለተኛው ጁሊያን ባርቦርና ብሩኖ ቤርቶቲ በ1982 ያቀረቡት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1977 በመጀመሪያው መንገድ ሞክረው ነበር፤ ትተውት የመጡት አስበውበት ነው። እኔም የምመክረው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም የኒውተንን ስኬት ሳያፈርስ የሚጎድሉትን 3 ቁጥሮች ያስወግዳል። ዘዴውን "ምርጥ ግጥሚያ" እንበለው። ሐሳቡ በአጭሩ፦ ሁለት ተከታታይ የዓለም ሥዕሎች አሉን፣ የተነሱበት የጋራ መደብ (ቦታ የሚለካበት ቋሚ መነሻ) ግን የለም። ስለዚህ አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ አድርገን ልዩነታቸው እስከሚቻለው እስኪያንስ ድረስ እናንሸራትተዋለን፣ እናዞረዋለን። "ቅንጣቱ ይህን ያህል ተንቀሳቀሰ" የምንለው ያ ሲሆን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ማንሸራተትን በሁለት ቅንጣቶች ተለማመዱ

በአንድ መስመር ላይ 1 ኪሎግራምና 3 ኪሎግራም የሆኑ ሁለት ቅንጣቶች አሉ። በመጀመሪያው ሥዕል ርቀታቸው 4 ሜትር፣ በሁለተኛው 5 ሜትር ነው። ማን ተንቀሳቀሰ? ከርቀቱ አይታወቅም። የእያንዳንዱን መጠነ ቁስ በመፈናቀሉ ካሬ አባዝታችሁ ደምሩ፤ ድምሩ ትንሹ የሚሆንበትን አቀማመጥ ፈልጉ።

ቀላሉ ቆሞ ከባዱ 1 ሜትር ሄደ ካልን ድምሩ 3 ነው። ከባዱ ቆሞ ቀላሉ ወደ ኋላ 1 ሜትር ሄደ ካልን 1 ነው። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሜትር ሄዱ ካልንም 0.25 እና 0.75 ተደምሮ 1 ነው። ቀላሉ 0.75 ወደ ኋላ፣ ከባዱ 0.25 ወደ ፊት ሲሄዱ ግን 0.5625 እና 0.1875 ተደምሮ 0.75 ይሆናል፤ ከዚህ የሚያንስ የለም። አሁን ሞመንተሙን (መጠነ ቁስ በእንቅስቃሴው ሲባዛ) እዩ፦ 1 ሲባዛ በ0.75 ወደ ኋላ፣ 3 ሲባዛ በ0.25 ወደ ፊት። ድምሩ ዜሮ ነው። ማንም ዜሮ ይሁን ብሎ አላዘዘም፤ ከግጥሚያው ራሱ ወጣ።

ደረጃ 6፦ ማዞርን በሦስት ማዕዘን ሥሩ

እያንዳንዳቸው 1 ኪሎግራም የሆኑ ሦስት ቅንጣቶች፣ ሀ፣ ለ እና ሐ፣ ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። ሀ ቀጥ ያለው ማዕዘን ላይ፣ ለ ከእሱ በስተቀኝ 3 ሜትር ላይ፣ ሐ ከእሱ በላይ 4 ሜትር ላይ ነው። በሁለተኛው ሥዕል ሐ ወደ ቀኝ 3 ሳንቲሜትር ሄዶ ተሥሏል። በርቀት ቋንቋ የሆነው ነገር ትንሽ ነው፦ ሀለ አልተለወጠም፣ ሀሐ ከ0.2 ሚሊሜትር በታች ጨመረ፣ ለሐ ከ5 ሜትር ወደ 4.982 ወረደ።

እንዲሁ እንደተሣለ ብንቀበለው ድምሩ 3 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 9 ነው። (መጠነ ቁሱ ሁሉ 1 ስለሆነ በካሬ ሳንቲሜትር ብቻ እጽፈዋለሁ።)

መጀመሪያ አንሸራቱ። የሦስቱ አማካይ መፈናቀል 1 ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ነው፤ ከሁሉም ላይ ቀንሱት። ሀ እና ለ 1 ወደ ግራ፣ ሐ 2 ወደ ቀኝ ይሆናሉ። ድምሩ 1፣ 1 እና 4፣ ማለትም 6። ማረጋገጫ፦ የእያንዳንዱን ጥንድ አንጻራዊ መፈናቀል ካሬ ደምራችሁ በ3 አካፍሉ። ዜሮ፣ 9 እና 9 ተደምሮ ለ3 ሲካፈል 6 ነው። ልክ ነው።

ቀጥሎ አዙሩ። ለዚህ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ነው፦ እያንዳንዱ ቅንጣት ከመጠነ ቁስ ማዕከሉ ያለው ርቀት ካሬ ሲደመር። ማዕከሉ ከሀ 1 ሜትር ወደ ቀኝና 1.333 ሜትር ወደ ላይ ነው፤ ድምሩ 16.667 ካሬ ሜትር ይወጣል። ይህን ቁጥር ያለ ምንም መደብ ከጎኖቹ ብቻም ማግኘት ይቻላል፤ 9፣ 16 እና 25 ደምራችሁ ለ3 አካፍሉ። ሁለተኛው የማዞር መጠኑ ነው፦ እያንዳንዱ ከማዕከሉ ያለው ከፍታ በአግድም መፈናቀሉ ሲባዛና ሲደመር። ሀ እና ለ ከማዕከሉ በታች 1.333 ሜትር ሆነው 0.01 ሜትር ወደ ግራ፣ ሐ ከማዕከሉ በላይ 2.667 ሜትር ሆኖ 0.02 ሜትር ወደ ቀኝ ሄደዋል። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሰዓት ዘንግ አዟዟር ነው የሚያዞሩት፤ 0.01333፣ 0.01333 እና 0.05333 ሲደመር 0.08 ነው።

0.08ን ለ16.667 ስታካፍሉ 0.0048 ራዲያን ይወጣል፤ ሩብ ዲግሪ ከምናምን። ሁለተኛውን ሥዕል በዚህ ልክ ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ መልሱት። ከድምሩ የሚቀነሰው 0.08 በራሱ ተባዝቶ ለ16.667 ሲካፈል የሚገኘው 0.000384 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 3.84 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ከ6 የሚቀረው 2.16።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከ9 ተነስተን 2.16 ላይ ደረስን። የወደቀው 6.84 የመደቡ ነበር፣ የሦስት ማዕዘኑ አልነበረም። በብርሃን አስተላላፊ ወረቀት ላይ ሁለቱን ሥዕሎች ብትሠሩና አንዱን በሌላው ላይ ብታዞሩ ልዩነቱ ሲጠብ በዓይን ታዩታላችሁ፤ ለማየት እንዲመች መፈናቀሉን አጋንኑት፣ ስሌቱ ግን ለትንሽ መፈናቀል ብቻ ልክ መሆኑን አትርሱ። ከግጥሚያው በኋላ የሚቀሩትን መፈናቀሎች ወስዳችሁ አንጉላር ሞመንተሙን ብታሰሉ ዜሮ ነው። በደረጃ 3 ይጎድሉ የነበሩት 3 ቁጥሮች ሁሉ አሁን ዋጋ አገኙ፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። የተከፈለውም ዋጋ ይኸው ነው። ኒውተን ማንኛውንም አንጉላር ሞመንተም ያለው ዓለም ይፈቅዳል፤ ይህ ሜካኒክስ የሚፈቅደው በጠቅላላው የማይሽከረከር ዓለም ብቻ ነው።

የደረጃ 3 ጥንድ ጉዳይም ተፈታ። ሁለት ቅንጣቶች ብቻ ባሉበት ዓለም አንድ መጪ ጊዜ ብቻ አለ፤ ይጋጫሉ።

ደረጃ 7፦ ጊዜን ከለውጡ አውጡ

እስካሁን ሰዓት አልጠቀስንም፤ ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ኒውተን ከፍጹም ህዋ ጎን ፍጹም ጊዜንም አስቀምጦ ነበርና እሱም መውጣት አለበት። የያኮቢ መርሕ የሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግኝት ለዚህ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስላል፦ እያንዳንዱን እርምጃ በምርጥ ግጥሚያ ለኩ፣ ከጠቅላላ ኢነርጂ ላይ ፖቴንሻል ኢነርጂ (ከአቀማመጥ የሚመጣው) ሲቀነስ የሚቀረውን ካሬ ሥር ወስዳችሁ በእሱ አባዙት፣ በመንገዱ ሁሉ ደምሩ። ዓለም የሚከተለው ይህ ድምር በትንንሽ የመንገድ ለውጥ የማይነቃነቅበትን የቅርጾች ተከታታይ ነው። በውስጡ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው አጭር ነው፦ የግጥሚያውን ድምር ለካይነቲክ ኢነርጂው እጥፍ አካፍሉና ካሬ ሥሩን ውሰዱ፤ ካይነቲክ ኢነርጂው ጠቅላላ ኢነርጂ ሲቀነስ ፖቴንሻሉ ነው። በእኛ ሦስት ማዕዘን ጠቅላላ ኢነርጂ ሲቀነስ ፖቴንሻሉ 3 ጁል ነው እንበል። የግጥሚያው ድምር 2.16 ካሬ ሳንቲሜትር በካሬ ሜትር 0.000216 ነው፤ ለ6 ሲካፈል 0.000036፣ ካሬ ሥሩ 0.006። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል 0.006 ሴኮንድ አለፈ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ስትጽፉት የኒውተን የእንቅስቃሴ ሕግ እንዳለ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ የሥነ ፈለክ ሰዎችን ሥራ ይመልከት። የምድር ዙረት ወጥ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1952 ኤፌመሪስ ጊዜን ተቀበለ፤ ጊዜው የሚነበበው ከፀሐይ ሥርዓት አካላት አቀማመጥ፣ የእንቅስቃሴ እኩልታቸው እንዲሠራ ተደርጎ ነበር።

ደረጃ 8፦ ወደ ባልዲው ተመለሱ

ብዙ ሰው እዚህ ይሰናከላል፦ "አንጉላር ሞመንተም ዜሮ ከሆነ መንኮራኩር እንዴት ይዞራል?" ዜሮ የሆነው የጠቅላላው ዓለም ድምር ነው። ክፍሎቹ የፈለጉትን ያህል ሊሽከረከሩ ይችላሉ፤ የተቀረው በተቃራኒው እስካመዛዘነው ድረስ። ባልዲው ሲዞር የተቀረው ዓለም ልንለካው በማንችለው ልክ በተቃራኒ ይዞራል።

የማኽን ጥያቄ አሁን በቁጥር መመለስ ይቻላል። ባልዲው ከተቀረው ዓለም አንጻር በሆነ ፍጥነት ይዞራል እንበል። ከዚያ ውስጥ የባልዲው ድርሻ የተቀረው ዓለም ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ለጠቅላላው ሲካፈል ነው። እውነተኛ ባልዲ ከሆነ ይህ ክፍልፋይ ከ1 አይለይም፤ ዙረቱ በሙሉ የባልዲው ነው፣ ውኃውም ይጎደጉዳል። ግድግዳው ወፍሮ ከጠቅላላው 99 በመቶውን ቢይዝ ግን የባልዲው ድርሻ 1 በመቶ ይሆናል፤ ከእሱ ጋር የሚዞር ውኃ ጠፍጣፋ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

ፉኮ በ1851 በፓሪስ ያንጠለጠለው ፔንዱለም ከምድር ይልቅ የሩቅ ከዋክብትን የሚከተልበት ምክንያትም ከዚሁ ይወጣል። ለኒውተን ይህ ግጥምጥሞሽ ነው። እዚህ ግን ፔንዱለሙ የሚጠብቀው መደብና ዓለም በጠቅላላው የማይሽከረከርበት መደብ አንድ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። አንድ ጥንቃቄ፦ በዚህ ሜካኒክስ የሩቅ ቁስ ድርሻ የሚበዛው ርቀቱ በካሬ ስለሚገባ ነው። የአንስታይን ጄነራል ሬላቲቪቲ የሚተነብየው፣ ምድር በአቅራቢያዋ ያለ ጋይሮስኮፕን (አቅጣጫውን የሚጠብቅ ተሽከርካሪ መሣሪያን) በጥቂቱ ይዛ መዞሯ፣ በዚህ ውስጥ የለም። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ደረጃ 9፦ ከፈለጋችሁ መጠንንም አውጡ

ሜትሩም የዓለሙ አካል ነው። ሁሉም ርቀት በእኩል ቢያድግ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከማንሸራተትና ከማዞር ቀጥሎ ሁለተኛውን ሥዕል ማስፋት ወይም ማጥበብ ይቻላል። ለሦስት ማዕዘናችን እያንዳንዱ ከማዕከሉ ያለውን አግድም ርቀት በአግድም መፈናቀሉ አባዙና ደምሩ፦ ሀ 0.01፣ ለ ከዜሮ በታች 0.02፣ ሐ ከዜሮ በታች 0.02፤ ድምሩ ከዜሮ በታች 0.03 ነው። ለ16.667 ሲካፈል ሁለተኛው ሥዕል በ0.18 በመቶ መስፋት እንዳለበት ይነግራችኋል። ከድምሩ የሚወርደው 0.54፣ የሚቀረው 1.62። የቅርጽ ለውጥ ብቻ የቀረው ይህ ነው።

እዚህ ግን ሕጉ ራሱ መስተካከል አለበት። ፖቴንሻሉ ርቀት ሁሉ በእጥፍ ሲያድግ ወደ ሩብ የሚወርድ መሆን ይኖርበታል፤ የኒውተን ስበት ፖቴንሻል የሚወርደው ወደ ግማሽ ነው። ባርቦር በ2003 ያሳየው መፍትሔ ፖቴንሻሉን ለሞመንት ኦፍ ኢነርሺያው ካሬ ሥር ማካፈል ነው። ያ ቁጥር በእንቅስቃሴው ውስጥ ስለማይለወጥ የኒውተን ስበት ይመለሳል፤ በላዩ ላይ ከማዕከሉ ካለው ርቀት ጋር የሚያድግ፣ በቅርብ የማይሰማ ተጨማሪ ጉልበት ይመጣል። ለእኔ ከሁሉ አጓጊው ይህ ቢሆንም ከደረጃ 6 በፊት እንዳትጀምሩት እመክራለሁ።

ለብቻችሁ ለመሞከር ያንኑ ሦስት ማዕዘን ውሰዱና ሐን ትታችሁ ለን ከሀ 3 ሳንቲሜትር አርቁት። ካንሸራተታችሁ በኋላ 6፣ ካዞራችሁ በኋላ 5.04፣ መጠኑን ካስተካከላችሁ በኋላ 2.88 ካልወጣ መጀመሪያ የምትፈትሹት የማዞሩን አቅጣጫ ይሁን፤ በዚህኛው ሀ ከሌሎቹ ሁለቱ በተቃራኒ ነው የሚያዞረው።